ቴስቱን እትዬ እንዲያነቡት፦ ኩከምበርን በአማርኛ መጀመር

ጅማ መርካቶ አካባቢ ላለ አንድ ቡና አቅራቢ የርክክብ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ ይዞ ይመጣል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ኪሎው ወደ ፈረሱላ ይቀየራል፣ በዕለቱ ዋጋ ይባዛል፣ ደረሰኝ ይወጣል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ከዚህ ውጪ የሚከብድ ነገር አልታየኝም። በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። ቴስትም፣ ማለትም ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጽፌለታለሁ፤ ሁሉም አረንጓዴ ነበር፤ አለፈ ማለት ነው።

የመጋዘኑን ሒሳብ የሚይዙት እትዬ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡት። ከዚያ ደብተራቸውን ገልጠው ከጎኑ አስቀመጡት። ደብተሩ 15,000 ብር ይላል። የእኔ ደረሰኝ 15,352 ብር ከ94 ሳንቲም ይላል። (ዋጋውን እዚህ ላይ ለሒሳብ እንዲመች አጠጋግቼዋለሁ።)

«ልጄ፣ ኬሻውንም ቡና ብለህ ገዛኸው» አሉኝ።

87 ኪሎው በሁለት ኬሻ ነበር የመጣው። እዚያ መጋዘን ለአንድ ኬሻ 1 ኪሎ ይቀነሳል። ስለዚህ ቡናው 85 ኪሎ ነው፤ ልክ አምስት ፈረሱላ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቴስቶቼ የሚያረጋግጡት እኔ ያሰብኩትን ብቻ ነበር። ያሰብኩት ነገር ራሱ ስህተት ነበር፤ ስለዚህ ቴስቱ ሊይዘው አይችልም። እትዬ ቴስቱን አንብበውት ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያርሙኝ ነበር። ግን በኮድ የተጻፈ ነው፤ እንዴት ብለው ያንብቡት?

ኩከምበርን የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ኩከምበር ቴስትን በተራ ቋንቋ እንድትጽፉ ያደርጋል። ሐሳቡ ዳን ኖርዝ ከሚባል እንግሊዛዊ ፕሮግራመር የመጣ ነው። «ቴስት» ከማለት ይልቅ «ፕሮግራሙ ምን ዓይነት ባህርይ ማሳየት አለበት?» ብለን እንጠይቅ አለ። ስሙም ከዚያ ቢዲዲ (ቢሄቪየር-ድሪቨን ዴቨሎፕመንት፣ ከባህርይ ተነሥቶ ፕሮግራም መሥራት) ሆነ። ኩከምበርን ደግሞ አስላክ ሄለሶይ የተባለ ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀመረው። አረፍተ ነገሮቹ የሚጻፉበት ሥርዓት ገርኪን ይባላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ገርኪን አማርኛ መቻሉን ነው። መስመሮቹ የሚጀምሩባቸው መክፈቻ ቃሎች በሙሉ በፊደላችን ተተርጉመው ውስጡ ተቀምጠዋል።

ከመጫን በፊት ቁጭ በሉ

መጀመሪያ ላይ በቀጥታ ወደ መጫን ሄጄ ነበር። አሁን ቢሆን አላደርገውም። ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ጋር ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ። ከኩከምበር ሰዎች አንዱ የሆነው ማት ዊን ለዚህ የሚሆን ቀላል ዘዴ አለው። አራት ዓይነት ቀለም ያለው ካርድ ይያዛል። ቢጫው ላይ ሥራው ይጻፋል፣ ሰማያዊው ላይ ሕጉ፣ አረንጓዴው ላይ ምሳሌው፣ ቀዩ ላይ መልስ ያላገኘ ጥያቄ። 25 ደቂቃ ይበቃል ይላል፤ እውነቱን ነው።

እኔ ባለቀለም ወረቀት ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገዝቼ በመቀስ ቆረጥኩት። መጋዘኑ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። «እትዬ፣ አንድ ገበሬ መጣ እንበል። ስንት ኬሻ ይዞ? ስንት ኪሎ ሆነ? ስንት ብር ከፈሉት?» እያልኩ ጠየቅኳቸው። ሕጉን አልጠየቅኩም። ሰው ሕግ ንገረኝ ሲባል ይቸገራል፤ የትናንቱን ገበሬ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ይመጣለታል። እሳቸውም ቁጥሩን ነገሩኝ፤ ሕጉን ከቁጥሩ ውስጥ አብረን አወጣነው።

በመሃል አንድ ገበሬ መጣና በአፋን ኦሮሞ ተነጋገሩ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ኬሻው ውስጥ ከተቱ። ጀንፈሉን አፍሰው በመዳፋቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገበሬው ጭኖ ተመለሰ። «ለምን አልመዘናችሁለትም?» ስል «ርጥብ ነው። ርጥብ አንመዝንም። ማድረቂያ አልጋ ላይ ያስጣውና ደርቆ ይመጣል» አሉ። የእኔ ፕሮግራም ስለ ርጥብ ቡና የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሌላ ሰማያዊ ካርድ ጻፍኩ።

አጫጫኑ

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የሚጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኔ እዚህ እንደሚነበበው እጽፈዋለሁ። ለጃቫስክሪፕት ነው የማሳየው፤ ኩከምበር ለጃቫና ለሩቢም አለ።

ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጪ የሚያሠራው ኖድ ጄኤስ ይኑራችሁ። አዲስ ፎልደር ክፈቱና ውስጡ ሆናችሁ «ኤንፒኤም ኢኒት» በሉ። ቀጥሎ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ብላችሁ፣ ሁለት ሰረዝና «ሴቭ-ዴቭ» ጨምራችሁ፣ የፓኬጁን ስም ጻፉ፦ አት ምልክት፣ ኩከምበር፣ ስላሽ፣ ኩከምበር። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ብቻ ነው። አንዴ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ቴስቱ ይሠራል። እኔ መጋዘኑ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ነው የማሠራው።

አዲሱን ስሪት ውሰዱ፤ በጣም የቆዩት አማርኛ የላቸውም። ኩከምበርን ራሱን መጠየቅም ትችላላችሁ። «ኤንፒኤክስ ኩከምበር-ጄኤስ» ብላችሁ ሁለት ሰረዝና «አይ18ኤን-ኪወርድስ» ጨምሩበት፣ ከዚያ የአማርኛን ኮድ ጻፉ። መክፈቻ ቃሎቹን በአማርኛ ይደረድርላችኋል። ያንን ዝርዝር ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በኋላ ፊደል ስታጣሩ ይጠቅማችኋል።

የአማርኛ ኮድ ላይ ተጠንቀቁ። ባለ ሦስት ፊደሉ ነው የሚሠራው፦ ኤ፣ ኤም፣ ኤች። ሌላ ቦታ ሁሉ አማርኛ በኤ እና ኤም ብቻ ስለሚታወቅ እኔም እሱን ጻፍኩ። ገርኪን ውስጥ ግን ባለ ሁለት ፊደሉን አርመንኛ ይዞታል። ፕሮግራሙ በአርመን ፊደል የተጻፈ ቃል እየፈለገ የእኔን አማርኛ አላውቅም ይለኝ ነበር። ግማሽ ቀን ሄደብኝ።

የመጀመሪያው ፋይል

«ፊቸርስ» የሚል ፎልደር ክፈቱ። ውስጡ ስሙ በነጥብ «ፊቸር» የሚያልቅ ፋይል ፍጠሩ። የመጀመሪያው መስመር የቋንቋው ነው፦ የፓውንድ ምልክት (#)፣ «ላንጉጅ»፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ባለ ሦስት ፊደሉ ኮድ። ይህ ብቻ በእንግሊዝኛ ነው። የቀረው እንዲህ ነው፦

ስራ: የጀንፈል ርክክብ

  ሁናቴ: በሁለት ኬሻ የመጣ ደረቅ ጀንፈል
    የተሰጠ የአንድ ኬሻ ክብደት 1 ኪሎ ነው
    እና የአንድ ፈረሱላ ዋጋ 3000 ብር ነው
    * በ2 ኬሻ 87 ኪሎ ጀንፈል ይመዘናል
    ከዚያ የተጣራው ክብደት 85 ኪሎ ይሆናል
    እና ለገበሬው 15000 ብር ይከፈላል

«ስራ» የምንፈትሸው የፕሮግራሙ ክፍል ነው፤ «ሁናቴ» አንድ ምሳሌ ነው። «የተሰጠ» መነሻው ነው፤ ሥራው ሳይጀመር ያለውን ሁኔታ ይናገራል። «ከዚያ» ውጤቱን ይናገራል። በመሃል ያለው ድርጊቱ ነው። ለድርጊቱ የተመደበው ቃል «መቼ» ነው። እኔ አልጠቀምበትም። «መቼ» በእኛ ቋንቋ ጥያቄ ነው። «መቼ በ2 ኬሻ 87 ኪሎ ይመዘናል» ብዬ ለእትዬ ሳነብላቸው «እኔ ምን አውቄ፤ ሲመጣ ነዋ» አሉኝ። ገርኪን በ«የተሰጠ»፣ በ«መቼ»፣ በ«ከዚያ» እና በ«እና» ቦታ ኮከብ ምልክት ይቀበላል። ኮከቡን ተጠቀሙ፤ አረፍተ ነገሩ አማርኛ ሆኖ ይቀራል።

አሁን «ኤንፒኤክስ ኩከምበር-ጄኤስ» በሉ። አምስቱም መስመር ያልታወቀ ነው ብሎ በቢጫ ያወጣል። ይህ ስህተት አይደለም። አረፍተ ነገሩን አንብቧል፤ ምን እንደሚያደርግ ግን ገና አልነገራችሁትም። ከሥሩ ለእያንዳንዱ መስመር የኮድ ናሙና ጽፎ ይሰጣችኋል። ናሙናውን ኮፒ አድርጋችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ በጃቫስክሪፕት ፋይል አስቀምጡት።

በኮዱ ውስጥ ጊቨን፣ ዌን እና ዜን የሚባሉት ፈንክሽኖች በእንግሊዝኛ ይቀራሉ፤ ከኩከምበር ፓኬጅ በሪኳየር ታስመጧቸዋላችሁ። በቅንፋቸው ውስጥ የሚገባው አረፍተ ነገር ግን የእናንተው አማርኛ ነው። ቁጥሩ ባለበት ቦታ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ «ኢንት» (ሙሉ ቁጥር ማለት ነው) ይጻፋል። በዚያ በኩል ቁጥሩ ወደ ፈንክሽኑ ይገባል። ከአንዱ ስቴፕ (ከሁናቴው አንዱ መስመር) ወደ ሌላው ቁጥር ለማስተላለፍ «ዚስ» በሚባለው የጃቫስክሪፕት ቃል ላይ አስቀምጡት። ኩከምበር ለእያንዳንዱ ሁናቴ አዲስ «ዚስ» ስለሚፈጥር የአንዱ ገበሬ ኪሎ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ለዚህ ሲባል ፈንክሽኑን በቀስት (አሮው ፈንክሽን በሚባለው አጻጻፍ) አትጻፉት፤ በቀስት የተጻፈ ፈንክሽን ያንን «ዚስ» አያገኘውም።

ሒሳቡን ስቴፑ ውስጥ አትሥሩት። 17 የሚለው ቁጥር ቴስቱ ውስጥ ከታየ ቴስቱ ራሱን እየፈተነ ነው ማለት ነው። ስቴፑ የሚያደርገው የፕሮግራማችሁን ፈንክሽን ጠርቶ ያገኘውን መያዝ ብቻ ይሁን። «ከዚያ» የሚለው ደግሞ የተያዘውን ከሚጠበቀው ጋር ያነጻጽራል። ኖድ ውስጥ ያለው አሰርት፣ በተለይ ስትሪክት ኢኳል፣ ለዚህ ይበቃል።

ማነጻጸሩን እንዳትረሱ። እኔ ረስቼ አውቃለሁ። «ለገበሬው ይከፈላል» የሚለውን ስቴፕ ባዶ ፈንክሽን አድርጌ ትቼው ነበር። ባዶ ፈንክሽን አይወድቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። ሦስት ቀን አመንኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። አዲስ ስቴፕ ስጽፍ መጀመሪያ ቁጥሩን ሆን ብዬ አበላሸዋለሁ። 15000ን 15001 አደርገዋለሁ። ቀይ ሆኖ «15001 ጠብቄ 15000 አገኘሁ» ሲለኝ ነው መልሼ የማስተካክለው። ቀዩን ያላየሁበትን አረንጓዴ አላምንም።

ፊደል የሚያመጣው ጣጣ

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ ልቆይ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም።

ትልቁ ሁለት ነጥቡ ነው። ከ«ስራ» እና ከ«ሁናቴ» ቀጥሎ የሚመጣው የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ መሆን አለበት። የአማርኛ ኪቦርድ ግን ያንኑ ቁልፍ ስትነኩ ብዙውን ጊዜ «፡» ይጽፋል፤ የቃል መለያችንን። በዓይን አይለዩም። «ስራ» ላይ ከተሳሳታችሁ ወዲያው የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ ይጮኻል፤ እሱስ ደግ ነው። የፋይሉ የመጀመሪያ «ሁናቴ» ላይ ከተሳሳታችሁ ግን ዝም ይላል። መስመሩን እንደ ተራ ማብራሪያ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። ከሥሩ ያሉትን ስቴፖችም አብሮ ይውጣቸዋል። ከዚያ 0 ሁናቴ፣ 0 ስቴፕ ብሎ ያለ አንዳች ቀይ ይጨርሳል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚያወጣውን ቁጥር ቁጠሩ። አምስት ስቴፕ ጽፋችሁ አራት ካላችሁ አንዱ ተውጧል።

እንዴት ይዋጣል? «የተሰጠ» ብላችሁ ክፍት ቦታ መተው አለባችሁ። «የተሰጠው» ብትሉ አያውቀውም። የሁናቴው የመጀመሪያ መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ ይህም እንደ ማብራሪያ ይቆጠርና ሳይሠራ ይታለፋል።

ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላት። መክፈቻ ቃሉ «ስራ» ነው፤ በእሳቱ ሰ። እኔ ሥራን በንጉሡ ሠ መጻፍ ለምጄ ስለነበር እምቢ አለኝ። በአረፍተ ነገሩ ውስጥም እንደዚያው ነው። ፋይሉ ላይ «ሒሳብ» ብላችሁ ኮዱ ላይ «ሂሳብ» ካላችሁ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከአንድ ሰው በላይ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ወረቀት ላይ ቃላታችሁን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በእኛ ወረቀት ላይ ጀንፈል፣ ኬሻ፣ ርጥብ፣ የተጣራ፣ ርክክብ አሉ። እትዬ የሚሉትን ነው የወሰድነው። «ኔት ዌይት» የሚል ቃል ኮዳችን ውስጥ የለም።

ሦስተኛ፣ ቁጥር ላይ የሚለጠፉ ፊደላት። በአማርኛ በ፣ ለ፣ ከ እና የ ቁጥሩ ላይ ይለጠፋሉ፦ በ2፣ ለ3፣ ከ5። ኩከምበር ናሙና ኮድ ሲያዘጋጅ ቁጥሩን የሚያውቀው ብቻውን ሲቆም ነው። «በ2 ኬሻ» የሚለውን እንደ አንድ ቃል ይተወዋል፤ 87ን ብቻ በኢንት ይተካዋል። ናሙናውን እንዳለ ከወሰዳችሁ ሦስት ኬሻ ይዞ የመጣ ገበሬ ያልታወቀ ስቴፕ ይሆናል። በእጃችሁ አርሙት፦ በ ብላችሁ ወዲያው ጥምዝ ቅንፉን ክፈቱ። እንዲህ ሲሆን በደንብ ይሠራል።

አራተኛ፣ ሕዝባር። እኛ ወ/ሮ እና ዓ/ም እያልን ነው የምናሳጥረው። በኩከምበር አጻጻፍ ሕዝባር «ወይም» ማለት ነው። በኮዱ ስቴፕ ውስጥ በእጃችሁ ወ/ሮ ብትጽፉ «ወ ወይም ሮ» ብሎ ይረዳውና አይገጥምም። ያለው መፍትሔ ከሕዝባሩ በፊት የኋላ ስላሽ መጨመር ነው፤ በጃቫስክሪፕት ጥቅስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ከዚያ የሚቀለው ግን ወይዘሮ ብሎ መጻፍ ነው። ተራ ቅንፍም እንደዚሁ ልዩ ትርጉም አለው፤ ቢኖርም ባይኖርም ማለት ነው።

የቀሩት ትንንሽ ናቸው። የግዕዝ ቁጥር በኢንት አይያዝም። 15,000 ብላችሁ ነጠላ ሰረዝ ከጨመራችሁም አይያዝም። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ከተጻፈ ዶክመንት ኮፒ አታድርጉ። የቆየው የዊንዶውስ ጥቁር ተርሚናል ፊደሉን ሳጥን ሳጥን አድርጎ ካሳያችሁ አትደንግጡ፤ ቴስቱ ላይ ችግር የለውም። አዲሱን ተርሚናል ወይም ቪኤስ ኮድ ውስጥ ያለውን ተጠቀሙ።

ምሳሌው ሲበዛ

አንድ ሁናቴ ሲሠራ ሌሎቹን ኮፒ እያደረጉ ማብዛት ያጓጓል። አታድርጉት። ሠንጠረዥ አለ፦

  ሁናቴ ዝርዝር: ኬሻ መቀነስ
    የተሰጠ የአንድ ኬሻ ክብደት 1 ኪሎ ነው
    * በ<ኬሻ> ኬሻ <ጠቅላላ> ኪሎ ጀንፈል ይመዘናል
    ከዚያ የተጣራው ክብደት <የተጣራ> ኪሎ ይሆናል

    ምሳሌዎች:
      | ኬሻ | ጠቅላላ | የተጣራ |
      | 1 | 35 | 34 |
      | 2 | 87 | 85 |
      | 6 | 346 | 340 |

እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ይሠራል። እትዬ በጣም የወደዱት ይህን ነው፤ ደብተራቸውን ይመስላል። ፋይሉን በወረቀት አትሜ ሰጠኋቸው። እስክሪብቶ አንሥተው ከሥሩ ሁለት ረድፍ በእጃቸው ጨመሩ። አንዱ ረድፍ 0 ኬሻ ይላል። «ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው። «ሚዛኑ ላይ የሚዘረገፍም አለ እኮ» አሉ። ሁለቱንም ረድፍ እንዳለ ገለበጥኳቸው። አንደኛው ቀይ ሆነ። ፕሮግራሜ 0 ኬሻ አልቀበልም ይል ነበር።

ውጤቱን ለማሳየት «ፎርማት» የሚለውን ጨምራችሁ ኤችቲኤምኤል ፋይል እንዲያወጣ ማድረግ ትችላላችሁ። በብሮውዘር ይከፈታል፤ አማርኛው ጥርት ብሎ ይታያል። «ፐብሊሽ» የሚለውን አማራጭ ግን ተዉት። ሪፖርቱን ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል። ቴስቱ ውስጥም የእውነተኛ ገበሬ ስም አታስገቡ።

መልስ ያላገኘ ጥያቄ ሲኖር ቀዩን ካርድ ኪሴ አላስቀምጠውም። ሁናቴውን ጽፌ ከላዩ @ቆይ የሚል ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቱም በአማርኛ ይሠራል። ቴስቱን ሳሠራ «ታግስ» በሚለው አማራጭ @ቆይ ያለባቸው እንዲታለፉ አዝዛለሁ። ፋይሉ ውስጥ ግን ይታያሉ፤ እትዬም ሲያነቡ ያዩዋቸዋል።

አሁን አንድ @ቆይ አለብኝ። ገበሬው ኬሻውን ጥሎ ሳይሆን ይዞ ሲመለስ የኬሻው ክብደት በ1 ኪሎ ይቀነሳል ወይስ ባዶው ኬሻ ተመልሶ ይመዘናል? ሚዛን የሚይዘው ልጅ አንድ ነገር ነገረኝ፣ ደብተሩ ሌላ ይላል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞቅ፣ ካርዶቹን ይዤ መጋዘኑ እሄዳለሁ። ኮዱን እስከዚያ አልነካውም።